በፊልሙ ላይ ያየነው ጠመንጃ እውነተኛ ነው? የተማሪዬ ጥያቄና የፊዚክስ መልስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ሞመንተም ጥበቃ ሕግ ሳስተምር፣ ትምህርቱ እንዳይደርቅባቸው ብዬ ከአንድ የታወቀ የድርጊት ፊልም የተቆረጠ ትዕይንት አሳየኋቸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1987 ለእይታ የበቃው «ፕሬደተር» ነበር። በትዕይንቱ ውስጥ አንድ ወታደር ባለ ስድስት አፈሙዝ መትረየስ በእጁ ይዞ ጫካውን እንደ እርሻ ያጭደዋል። ክፍሉ በፉጨትና በሳቅ ተሞላ። ሁካታው ጋብ ሲል ከኋላ መደዳ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ይህ መሣሪያ እውነተኛ ነው ወይስ ለፊልም ተብሎ የተሠራ?»

«እውነተኛ ነው፤ ሄሊኮፕተር ላይ የሚጠመድ መትረየስ ነው» አልኩት ሳላመነታ።

ልጁ ግን አልተቀመጠም። «እውነተኛ ከሆነ፣ ቅድም ሰሌዳው ላይ በጻፉልን ቀመር መሠረት ሰውየው ወደ ኋላ መገፋት አልነበረበትም?»

ዶክትሬቴን ባሕር ማዶ ስሠራ ዓመታት ያሳለፍኩት በሌዘርና በመስተዋቶች መካከል ነው። ስለ ጠመንጃ የማውቀው ማንም ሰው ከሚያውቀው አይበልጥም ነበር። ስለዚህ መምህር ሲቸግረው የሚለውን አልኩ፤ «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን።» ይህ ጽሑፍ ያኔ ቃል የገባሁት መልስ ነው። ጉዳዩን ስከታተለው ግን ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ ጥልቅ ሆኖ አገኘሁት። በፊልም ሥራ ላይ የያዙትን መሣሪያ ለይተው ባለማወቃቸው የሞቱ ሰዎች አሉና።

ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች

«ይህ ጠመንጃ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቢመስልም በውስጡ ሦስት ጥያቄዎችን ይዟል። የመጀመሪያው፣ በታሪኩ ውስጥ ምን ተብሎ ቀረበ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በካሜራው ፊት የቆመው ዕቃ በእርግጥ ምንድን ነው የሚለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ በውስጡ ምን ጎርሷል የሚለው ነው። ተመልካች ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ይረካል። የፊልም መሣሪያዎችን ለይቶ ማወቅ የሚወድ ሰው በሁለተኛው ይጠመዳል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነው።

ለፊልም የሚያገለግሉ መሣሪያዎች በጥቅሉ በአምስት ሊመደቡ ይችላሉ። አንደኛው ባዶ ጥይት ብቻ እንዲተኩስ የተለወጠ እውነተኛ ጠመንጃ ነው። ሁለተኛው የእውነተኛውን መልክና ክብደት ይዞ የማይተኩስ ቅጂ ነው። ሦስተኛው ተዋናዩ ሲወድቅና ሲንከባለል እንዳይጎዳ ከጎማ የሚቀረጽ ነው። አራተኛው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብቻ የሚያወጣ መሣሪያ ሲሆን፣ አምስተኛው በታመቀ ጋዝ የሚሠራና ክፍሎቹ የሚንቀሳቀሱ መጫወቻ ቀመስ ቅጂ ነው። በአንድ ፊልም ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ «አንዱን» ጠመንጃ ይዞ ሲሮጥ፣ ሲተኩስና ሲወድቅ የምናየው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለቱ ወይም ሦስቱ እየተፈራረቁ ነው።

ዓይን የሚያየው

መሣሪያን በመልኩ መለየትና ስም ማውጣት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ከፈረንሳይ የመጣውን የግራ ጠመንጃ «ውጅግራ»፣ ማንሊኸር የተባለውን ደግሞ «ምንሽር» ብለው የሰየሙት፣ አንዱን ከሌላው በሰደፉ፣ በአፈሙዙና በጥይቱ ለይተው ስለሚያውቁ ነው። የፊልም መሣሪያ መለየትም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ፊልሙን አቁሞ ልዩ ምልክት መፈለግ።

ክላሽንኮቭን እንውሰድ። ካዝናው እንደ ማጭድ የታጠፈው ለውበት አይደለም። የጥይቱ ቀለህ ከኋላው ሰፊ፣ ወደ ፊት ሲሄድ ጠባብ ነው። እንዲህ ያሉ ቀለሆችን አንዱን በሌላው ላይ ብትደረድሩ ድርድሩ በራሱ ጊዜ ቅስት ይሠራል። የአሜሪካው ኤም 16 ቀለህ ጠባብነቱ አነስተኛ ስለሆነ 20 ጥይት የሚይዘው ካዝናው ቀጥ ያለ ነው። እንግዲህ የካዝናው ቅርጽ ስለ ጥይቱ ጂኦሜትሪ ይናገራል ማለት ነው።

ክላሽንኮቭ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የማን ሥራ ነው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን የፊት ማነጣጠሪያ ተመልከቱ። በሶቪየቱ መሣሪያ ላይ ማነጣጠሪያዋን ከግራና ከቀኝ እንደ ሁለት ጆሮ የቆሙ ክንፎች ይከልሏታል፤ ላይዋ ክፍት ነው። «ዓይነት 56» በሚባለው የቻይና ሥሪት ላይ ግን ክንፎቹ ከላይ ተገናኝተው ክብ ይሠራሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሆሊውድ ሰዎች ከሶቪየት ኅብረት መሣሪያ ገዝተው ማምጣት ስለማይችሉ ከሌላ ሥፍራ መፈለግ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው «ሬድ ዶውን» ፊልም ውስጥ የሶቪየት ወታደሮች ሆነው የቀረቡት ተዋንያን የያዙት በግብጽ ማዓዲ ፋብሪካ በሶቪየት ፈቃድ የተሠራውን ክላሽ ነው። በታሪኩ ውስጥ ሞስኮ፣ በካሜራው ፊት ግን ካይሮ!

ሌላው የታወቀ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ዳይ ሃርድ» ነው። ሕንፃውን የያዙት ወንበዴዎች የጀርመኑን ኤም ፒ 5 የተባለ አነስተኛ መትረየስ የታጠቁ ይመስላሉ። በእርግጥ የያዙት ግን ኤች ኬ 94 የተባለውን፣ ያው ኩባንያ ለአሜሪካ ሲቪል ገበያ ያቀረበውንና በአንድ ምላጭ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩሰውን ወንድሙን ነው። ያኔ እውነተኛውን ኤም ፒ 5 በአሜሪካ ማግኘት በሕግ አስቸጋሪ ስለነበር፣ የፊልም መሣሪያ ባለሙያዎች የኤች ኬ 94ን 41 ሳንቲሜትር ገደማ የሚረዝም ቱቦ አሳጥረው ቆረጡት፤ ውስጡንም በተከታታይ እንዲተኩስ ለወጡት። መልኩ ኤም ፒ 5 ሆነ። ይሁንና አንድ ምልክት ቀረ፤ በእውነተኛው ኤም ፒ 5 ላይ ከካዝናው ጀርባ ያለችው ትንሽ የካዝና መልቀቂያ ምላስ በዚህኛው ላይ የለችም። ወንጀለኛ አሻራውን ትቶ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ለውጡም ያልተሸፈነ ምልክት ትቶ ሄደ።

አንዳንዴ ምልክቱ ታሪክን ያፋልሳል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የኢንዲያና ጆንስ የመጀመሪያ ፊልም ታሪኩ የሚፈጸመው በ1936 ነው። ጀርመኖቹ የያዙት ኤም ፒ 40 የተባለው መሣሪያ ግን ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው ከአራት ዓመት በኋላ የመጣ ነው። አንዳንዴም ለውጡ ሆን ተብሎ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ውስጥ የጠፈር ወታደሮቹ የያዙት የጨረር መሣሪያ በእንግሊዙ ስተርሊንግ መትረየስ ላይ ጌጣጌጥ ተጨምሮበት የተሠራ ነው። ሃን ሶሎ የተባለው ገጸ ባሕርይ የሚይዘው ደግሞ ማውዘር ሲ 96 በተባለው፣ ንድፉ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በወጣው የጀርመን ሽጉጥ ላይ የተመሠረተ ነው። የወደፊቱን ዘመን መሣሪያ ከአያቶች ዘመን ሽጉጥ ሠሩት ማለት ነው።

የጎማውን ጠመንጃ ከብረቱ መለየት የሚፈልግ ተማሪ ደግሞ ፊዚክሱን በጥንቃቄ ይጠቀም። «የጎማው ቀላል ስለሆነ ከእጅ ሲያመልጥ ቀስ ብሎ ይወድቃል» ብሎ የሚያስብ ካለ ጋሊሌዮን ረስቷል፤ የአየር ግጭት እዚህ ግባ በማይባልበት ሁኔታ ሁለቱም እኩል ይወድቃሉ። በትከሻ ማንገቻ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝም የሚፈጅበት ጊዜ በመጠነ ቁሱ ላይ አይመሠረትም። ልዩነቱ የሚታየው መሬት ሲነካ ነው። ጎማው ይነጥራል፣ ይተጣጠፋል፤ ብረቱ ግን ዝም ብሎ ያርፋል። ሌላው ምስክር የተዋናዩ ክንድ ነው። አራት ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃን በፍጥነት ማዞርና ማስቆም ጡንቻ ይጠይቃል፤ አንድ ኪሎ የማይሞላውን ግን እንደ አርጩሜ ማወናጨፍ ይቻላል። ኢነርሺያን ማስመሰል የሚችል ተዋናይ ጥቂት ነው።

ሞመንተም የሚመሰክረው

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። በ«ፕሬደተር» ውስጥ የታየው ኤም 134 የተባለው መትረየስ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ ያወጣው ሲሆን፣ 7.62 ሚሊሜትር ጥይት ይተኩሳል። ስድስቱ ቱቦዎች የሚሽከረከሩት በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በደቂቃ እስከ 6,000 ጥይት ሊተኩስ ይችላል፤ ይህም በሴኮንድ 100 ማለት ነው።

አንዱ አረር በግምት 9.5 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ የሚወጣውም በሴኮንድ 850 ሜትር ያህል ፍጥነት ነው። ሁለቱን ብናባዛ የአንዱ አረር ሞመንተም 8 ኪሎ ግራም ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። በሴኮንድ 100 አረር ከወጣ፣ በኒውተን ሁለተኛ ሕግ መሠረት መሣሪያው ወደ ኋላ የሚገፋበት አማካይ ኃይል 800 ኒውተን ገደማ ነው። ይህም ባሩዱ ጋዝ ሆኖ ሲወጣ የሚጨምረውን ግፊት ሳንቆጥር ነው። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ደረታችሁ ላይ ተኝቶ ያለማቋረጥ ሲጫናችሁ አስቡት። የተኩሱ ፍጥነት ወደ 2,000 ቢወርድ እንኳ ግፊቱ 270 ኒውተን ያህል ይሆናል። ሰውየው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን አንፈራጦ፣ ጥርሱን ነክሶ ካልቆመ በቀር ወደ ኋላ መሄዱ አይቀርም።

የጥይቱንም ክብደት እናስላ። አንድ ሙሉ ጥይት ከነቀለሁ 24 ግራም ያህል ይመዝናል። በሴኮንድ 100 ጥይት 2.4 ኪሎ ግራም ነው። በሙሉ ፍጥነት ለግማሽ ደቂቃ ለመተኮስ 72 ኪሎ ግራም ጥይት መሸከም ያስፈልጋል፤ ይህም የራሱ የመትረየሱና የባትሪው ክብደት ሳይታከልበት ነው። በፊልሙ ውስጥ ባትሪው አይታይም። የኤሌክትሪክ ገመዱ በተዋናዩ ልብስ ውስጥ አልፎ ከካሜራው እይታ ውጭ ካለ የኃይል ምንጭ ጋር ይገናኝ ነበር።

ታዲያ ተዋናዩ እንዴት ቆሞ ሊተኩስ ቻለ? መልሱ ቀላል ነው፤ አረር አልነበረም። ባዶ ጥይት ቀለህ፣ መለኮሻና ባሩድ አለው፤ ከፊቱ ግን አረር የለውም። የሞመንተሙ ዋነኛ ድርሻ ከአረሩ ጋር ስለሚሄድ፣ አረሩ ሲቀር የሚቀረው የጋዙ ግፊት ብቻ ነው። የተኩሱ ፍጥነትም ለፊልሙ ሲባል እጅግ ተቀንሶ ነበር። ስለዚህ እኔም ተማሪዬም ትክክል ነበርን። ጠመንጃው እውነተኛ ነው፤ ጥይቱ ግን ባዶ ነው። እኔ የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ሰጠሁ፤ እርሱ የጠየቀኝ ሦስተኛውን ነበር።

ባዶ ጥይት የሚያስከትለው ሌላ ችግርም አለ። በተከታታይ የሚተኩስ መሣሪያ ቀለሁን አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሰው ከተኩሱ ከሚያገኘው ጉልበት ነው። አረሩ ቱቦውን ዘግቶ ሲጓዝ ከኋላው ያለው የጋዝ ግፊት ከፍ ይላል፤ ያ ግፊት ነው ክፍሎቹን የሚገፋቸው። አረር ከሌለ ጋዙ እንደ ተከፈተ በር ሾልኮ ይወጣል፤ መሣሪያውም አንድ ጊዜ ተኩሶ ይቆማል። የፊልም ባለሙያዎች በቱቦው ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ ያለው መገደቢያ ይደብቃሉ። ጋዙ በጠባቧ ቀዳዳ ሲታገል ግፊቱ ይጠራቀምና መሣሪያው ይሠራል። ካሜራው ከአፈሙዙ ፊት ለፊት ሲቀርብ ቱቦው በውስጡ የተደፈነ ከመሰላችሁ፣ ያያችሁት ይህን መገደቢያ ሊሆን ይችላል።

ብርሃን፣ ካሜራና ሰዓት

የሲኒማ ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬሞችን ያነሳል። በተለመደው የካሜራ አሠራር መከለያው በእያንዳንዱ ፍሬም ግማሹን ጊዜ ክፍት፣ ግማሹን ዝግ ነው፤ ማለትም ለ1/48ኛ ሴኮንድ ያያል፣ ለ1/48ኛ ሴኮንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ከአፈሙዝ የሚወጣው ብልጭታ ደግሞ የሚቆየው ለጥቂት ሺኛ ሴኮንዶች ብቻ ነው። ስለዚህ በዘፈቀደ ከተተኮሱ 30 ባዶ ጥይቶች የግማሾቹ ያህል ብልጭታ ካሜራው ዓይኑን በጨፈነበት ቅጽበት ተፈጽሞ ያመልጣል። አንድን የቆየ ፊልም ፍሬም በፍሬም ብታዩ፣ ቀለሁ ወጥቶ በአየር ላይ ሳለ ብልጭታው የጠፋባቸውን ጥይቶች ታገኛላችሁ።

በኮምፒዩተር የተሣለ ብልጭታ ግን እንዲህ ያለ ጉድለት የለበትም። ለእያንዳንዱ ተኩስ አንድ ብልጭታ ሳያጓድል ይቀመጣል። እጅግ ፍጹም መሆኑ ራሱ ያስጠረጥረዋል። በተጨማሪ እውነተኛ ብልጭታ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ የተኳሹን ፊት፣ እጁንና አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ያበራል። ብልጭታው እየታየ አካባቢው ካልበራ ሥዕል መሆኑን ጠርጥሩ። በብዙ ዲጂታል ካሜራዎች ደግሞ ምስሉ ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚነበብ፣ አጭር ብልጭታ የፍሬሙን አንድ ክፍል ብቻ አብርቶ ሌላውን ጨለማ ሊተወው ይችላል። እንዲህ ያለ የተቆራረጠ ብርሃን ብታዩ፣ በቀረጻው ቦታ ላይ በእርግጥ አንድ ነገር ብልጭ ማለቱን ይመሰክራል።

የሚሽከረከረው መትረየስም ዓይናችንን ያታልላል። በሴኮንድ 100 ጥይት ቢተኩስ በሁለት ፍሬሞች መካከል ስድስቱ ቱቦዎች 4.17 ቦታ ያህል ይዘዋወራሉ። ቱቦዎቹ መንትዮች ስለሆኑ ዓይናችን አራቱን ሙሉ እርምጃ አያየውም፤ የሚታየው ቀሪዋ 0.17 ብቻ ናት። በዚህም ምክንያት በብርሃን ፍጥነት የሚሽከረከር የሚመስለው መሣሪያ በስክሪኑ ላይ ዝግ ብሎ የሚዞር ይመስላል። የሠረገላ ጎማ በፊልም ላይ ወደ ኋላ ሲዞር ያየ ሰው ምሥጢሩ ያው መሆኑን ይረዳል።

ጆሮ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ታማኝ ምስክር አይደለም። ክላሽንኮቭ በደቂቃ 600 ያህል፣ ኤም ፒ 5 ደግሞ 800 ያህል ይተኩሳሉ፤ በድምፁ ምት ልንለያቸው የምንችል ይመስለናል። ነገር ግን በፊልም ላይ የምንሰማው ተኩስ ብዙውን ጊዜ በኋላ በድምፅ ክፍል ውስጥ የተጨመረ ነው። የአንዱ ጠመንጃ ምስል ከሌላው ጠመንጃ ድምፅ ጋር ሊጋባ ይችላል። የካዝናው ሒሳብ ግን አይዋሽም። በደቂቃ 600 የሚተኩስ መሣሪያ 30 ጥይቱን በሦስት ሴኮንድ ይጨርሳል። ጀግናው ካዝና ሳይቀይር ለአሥር ሴኮንድ ካንጣጣው፣ የፈለገው ዓይነት መሣሪያ ይሁን፣ የያዘው የደራሲውን ምሕረት ነው።

ያልተፈጠረው የሸክላ ሽጉጥ

እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሁለተኛው «ዳይ ሃርድ» ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስለ «ግሎክ 7» ይናገራል። በጀርመን አገር ከሸክላ የተሠራና በአውሮፕላን ጣቢያ ኤክስሬይ የማይታይ ሽጉጥ ነው ይላል። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ብዙ ስሕተት ታጭቋል። ግሎክ የኦስትሪያ ኩባንያ እንጂ የጀርመን አይደለም። 7 የሚባል ሞዴል የለውም፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ግሎክ 17 ነው። እጀታው ከፕላስቲክ ቢሠራም ቱቦውና የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ብረት ናቸው፤ የክብደቱም አብዛኛው ክፍል ከዚሁ ብረት ነው።

ፊዚክሱስ ምን ይላል? ኤክስሬይን የመምጠጥ ችሎታ በቁሱ እፍጋትና በአቶም ቁጥሩ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የአቶም ቁጥሩ ሲጨምር የመምጠጥ ችሎታው እጅግ ፈጥኖ ያድጋል። የብረት አቶም ቁጥር 26 ሲሆን፣ የፕላስቲክ ዋነኛ ክፍል የሆነው የካርቦን 6 ነው። ስለዚህ ብረቱ ጥቁር ጥላ ሲጥል ፕላስቲኩ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ፈዘዝ አለ ማለት ግን አልታየም ማለት አይደለም። በውስጡ አልሙኒየምና ሲሊኮን ያለበት ሸክላም ከፕላስቲክ ይበልጥ ጥላ ይጥላል። ሸክላ የሚያመልጠው ተጓዥ የሚያልፍበትን የብረት መፈተሻ በር ነው፤ ያ በር የሚሠራው በብረት ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት በመቀስቀስ ነውና። የፊልሙ ደራሲ ሁለቱን መሣሪያዎች አደባልቋቸዋል። ይሁንና የፕላስቲክ ሽጉጥ ሥጋት ከፊልሙ በፊትም የነበረ ሲሆን፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 በመፈተሻ የማይታዩ መሣሪያዎችን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች።

ሦስተኛው ጥያቄ

እስካሁን ያነሳነው ሁሉ የጨዋታ ያህል ነው። ተመልካች ቢሳሳት የሚጎዳ የለም። በቀረጻው ቦታ ላይ ግን «በውስጡ ምን አለ?» የሚለውን ጥያቄ መሳት ምን እንደሚያስከትል ሦስት ታሪኮች ይነግሩናል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ጆን ኤሪክ ሄክሰም የተባለ የ26 ዓመት አሜሪካዊ ተዋናይ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ ላይ ሳለ፣ ባዶ ጥይት የጎረሰ ባለ ከበሮ ሽጉጥ በቀልድ መልክ ግንባሩ ጎን ደግኖ ምላጩን ሳበ። «ባዶ» የሚለው ስም አታለለው። ባዶው ጥይት አረር ባይኖረውም ባሩድ አለው፤ የሚወጣው ጋዝ በአፈሙዙ አጠገብ ያለው ግፊት እጅግ ከፍተኛ ነው። ጋዙ ወደ አየር ሲሰራጭ ግፊቱ በጥቂት ርቀት ውስጥ ይወድቃል። በሜትሮች ርቀት ላይ ምንም የማያደርገው ይህ ጋዝ አፈሙዙ ቆዳ ሲነካ ግን የራስ ቅል ይሰብራል። ወጣቱ ከቀናት በኋላ ሞተ።

ሁለተኛው ታሪክ የብራንደን ሊ ነው። የታወቀው የብሩስ ሊ ልጅ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1993 በ28 ዓመቱ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና «ዘ ክሮው» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ሞተ። የነገሩን አካሄድ በጥንቃቄ ተከታተሉ። ባለ ከበሮ ሽጉጥ ከፊት ለፊት በቅርበት ሲቀረጽ በከበሮው ቀዳዳዎች ውስጥ ያሉት የአረሮቹ ጫፎች ይታያሉ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ትዕይንት አረር ያለው፣ ባሩድ ግን የሌለው አስመሳይ ጥይት ያስፈልጋል። የፊልሙ ሠራተኞች እውነተኛ ጥይቶችን ፈትተው ባሩዱን ደፉና አረሩን መልሰው ገጠሙት። በቀለሁ ጀርባ ያለውን መለኮሻ ግን አልነቀሉትም። በአንድ አጋጣሚ ምላጩ ሲሳብ መለኮሻው ፈነዳ። ትንሿ ፍንዳታ አረሩን ከቀለሁ አውጥታ ቱቦው ውስጥ ለመወሸቅ በቃች፤ ከቱቦው ለማስወጣት ግን ጉልበት አነሳት። ማንም አላየም። በኋላ ሌላ ትዕይንት ለመቅረጽ በዚያው ሽጉጥ ባዶ ጥይት ተጎረሰ። ባዶው ጥይት አረር የለውም፤ ባሩድ ግን ሙሉ ነው። አረሩ ቀድሞ ቱቦው ውስጥ ይጠብቀው ነበር።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። አረር ብቻ ያለው ጥይት አይገድልም። ባሩድ ብቻ ያለው ጥይትም ከርቀት አይገድልም። በተለያየ ጊዜ የገቡት ሁለት ግማሾች ግን በአንድ ቱቦ ውስጥ ተገናኝተው አንድ ሙሉ ጥይት ሆኑ። ከመተኮሱ በፊት አንድ ሰው ከበሮውን ከፍቶ ብርሃን በቱቦው ውስጥ ቢያሳልፍ ኖሮ ብርሃኑ ተዘግቶበት ያየው ነበር።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2021 በኒው ሜክሲኮ ሳንታ ፌ አቅራቢያ «ረስት» የተባለው ፊልም ሲሠራ፣ ተዋናይ አሌክ ባልድዊን ለልምምድ በያዘው ባለ ከበሮ ሽጉጥ ውስጥ የነበረ እውነተኛ ጥይት ተተኩሶ የ42 ዓመቷን የፊልሙን የካሜራ ባለሙያ ሃሊና ሃቺንስን ገደላት፤ ዳይሬክተሩንም አቆሰለ። ሽጉጡ ለተዋናዩ የተሰጠው እውነተኛ ጥይት የለበትም ተብሎ ነበር። በመርመራው ወቅት በአስመሳዮቹ መካከል የተቀላቀሉ ሌሎች እውነተኛ ጥይቶችም ተገኙ። የፊልሙ የጦር መሣሪያ ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2024 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብላ 18 ወር ተፈረደባት። በተዋናዩ ላይ የተመሠረተው ክስ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ በፍርድ ቤት ተዘግቷል።

አስመሳይን ጥይት ከእውነተኛው መለየት ይቻላልን? ይቻላል፤ ዘዴውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚገባው ነው። በደንብ የተሠራ አስመሳይ ጥይት በባሩዱ ፋንታ ትንሽ የብረት ኳስ ይቀመጥበታል፤ ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ይንኳኳል። ሌላው ዓይነት በቀለሁ ጎን ላይ ቀዳዳ ይበሳበታል፤ ባሩድ ሊይዝ እንደማይችል ዓይን ያያል። የመለኮሻውም ቦታ ባዶ ይተዋል ወይም ቀድሞ የተመታ ምልክት ይደረግበታል። ባዶው ጥይት ደግሞ አፉ እንደ ኮከብ ተጣጥፎ የተዘጋ በመሆኑ ይታወቃል። ዘዴዎቹ ቀላል ናቸው፤ የሚጎድለው እያንዳንዱን ጥይት አንድ በአንድ አውጥቶ የማየት ትዕግሥት ነው። የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች የደኅንነት መመሪያ እውነተኛ ጥይት ወደ ቀረጻ ቦታ ጨርሶ እንዳይገባና ማንኛውም መሣሪያ እንደ ጎረሰ እንዲቆጠር ያዝዛል። መመሪያው ከአደጋው በፊትም ነበር፤ ሳይጠበቅ ቀረ እንጂ።

ከ2021ዱ አደጋ በኋላ አንዳንድ ፊልም ሠሪዎች ከእውነተኛ መሣሪያ ጋር ጨርሶ ተለያይተዋል። ተዋናይ ድዌይን ጆንሰን የራሱ ኩባንያ በሚሠራቸው ፊልሞች ላይ እውነተኛ መሣሪያ እንደማይጠቀም በዚያው ዓመት አስታውቋል። ብልጭታውን ኮምፒዩተር ይሥለዋል፤ ጠመንጃው ጎማ ይሆናል። የፊልም መሣሪያ መለየት የሚወዱ ሰዎች «ብልጭታው ግድግዳውን አላበራም» ብለው ማጉረምረማቸው አይቀርም። እኔም በዓይኔ ብለየው እንኳ አልከፋበትም። ያልበራ ግድግዳ ካልተመለሰች እናት ይሻላል፤ ሃሊና ሃቺንስ የአንድ ልጅ እናት ነበረች።

ውድ አንባቢያን፣ በትምህርት ቤታችሁ የድራማ ክበብ ውስጥ የምትሳተፉ ካላችሁ ለመድረካችሁ ጠመንጃ ከእንጨት ሥሩ፤ እውነተኛ መሣሪያ፣ «ባዶ ነው» ቢባልም እንኳ፣ መድረክ ላይ አይውጣ። ፊልም ስታዩ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። አቁሙ፤ ቀለሁን፣ አፈሙዙን፣ ግድግዳውን፣ የተዋናዩን ትከሻ ተመልከቱ። ግምታችሁን በቁጥር ፈትኑት። ሳይንስ ማለት ሌላ ነገር አይደለም።

በተከታዩ ክፍለ ጊዜ ስሌቱን ሰሌዳው ላይ ሠርቼ ለተማሪዬ መልሱን ነገርኩት። «ታዲያ መምህር፣ ጥይቱ ባዶ መሆኑን ያረጋገጠው ማን ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። በፊልም ላይ ጠመንጃ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ይህ ጥያቄው ነው።